«ምስለ መንፈስከ» የሚለው ማን ነው? ቴክኖሎጂና የጋራ አምልኳችን

እህቴ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። እሁድ ጠዋት ማዳሟ ከመነሣቷ በፊት ሳሎኑን ወልውላ መጨረስ አለባት። አንዱን ጆሮዋን በኢርፎን ትደፍናለች። ሌላውን ለማዳም ትተወዋለች፤ ከተጣራች መስማት አለባትና። ኢርፎኑ ውስጥ ከአዲስ አበባ በቀጥታ የሚተላለፍ ቅዳሴ አለ። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» (ለጸሎት ተነሡ) ሲል መወልወያውን ግድግዳ ላይ ታስደግፍና ቀጥ ብላ ትቆማለች። በሹክሹክታ «እግዚኦ ተሠሃለነ» (አቤቱ ይቅር በለን) ትላለች። ከዚያ ሥራዋን ትቀጥላለች።

ይህን የነገረችኝ በስልክ ስናወራ ነው። ወዲያው ደግሞ ጠየቀችኝ። «ግን እኔ አስቀደስኩ ይባላል? ወይስ ቅዳሴ ሰማሁ?»

መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። ቴክኖሎጂና አምልኮ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ክርክሩ «ይፈቀዳል አይፈቀድም» ላይ ያልቃል። የእህቴ ጥያቄ የተሻለ ይመስለኛል። ማስቀደስና መስማት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ታውቃለች። ልዩነታቸው ምን እንደሆነ ከገባን፣ ማይኩም ስልኩም ስክሪኑም ምን እንደሚሰጠንና ምን እንደሚወስድብን ይገባናል።

ልዩነቱ በአንድ ቃል ይጠቃለላል፤ ተሰጥዎ። በዕለት ተዕለት ንግግራችን «ተሰጥኦ» የምንለው ተፈጥሯዊ ችሎታን ነው። በቤተ ክርስቲያን ግን ተሰጥዎ ማለት ምላሽ ነው፤ ካህኑና ዲያቆኑ ለሚሉት ሕዝቡ የሚመልሰው። ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» (ሰላም ለሁላችሁ) ይላል፤ ሕዝቡ «ምስለ መንፈስከ» (ከመንፈስህ ጋር) ብሎ ይመልሳል። ሰላምታ ነው፤ ሰላምታ ደግሞ መላሽ ይፈልጋል። የቅዳሴ መጽሐፍን ከፍታችሁ ብታዩ ተናጋሪው በየመስመሩ ተለይቶ ተጽፏል። ይካ ሲል ካህን፣ ይዲ ሲል ዲያቆን፣ ይሕ ሲል ሕዝብ። ሕዝቡ የራሱ ድርሻ አለው። በእኛ በኦርቶዶክሶች ሥርዓት ለመቀደስ ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት። ቅዳሴ የአንድ ሰው ሥራ ሆኖ አያውቅም።

በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም መልኩ ይለያል እንጂ ነገሩ አለ። ሰባኪው ሲናገር ጉባኤው «አሜን!» ይላል፣ «ሃሌ ሉያ!» ይላል፣ ይዘምራል፣ አንዱ ለሌላው ይጸልያል። ስለዚህ አንድ መሣሪያ ወደ አምልኮ ሲገባ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ሰው እንዲመልስ ረዳው ወይስ ዝም አሰኘው?

መሣሪያ ወደ አምልኮ መግባቱ ራሱ አዲስ አይደለም። ብራናም ቴክኖሎጂ ነበር። ፍየል ይታረዳል፣ ቆዳው ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ቀለም ይበጠበጣል፣ ጸሐፊው ወራት ይቀመጣል። እንዲህ ተለፍቶበት የሚወጣ ዳዊት ብዙ ሰው እጅ ሊገባ አይችልም። በግእዝ ፊደል የመጀመሪያው የታተመ መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ውስጥ ታተመ። ያሳተመው ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ግእዙን የተማረው እዚያው ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ነው። ሐዲስ ኪዳን ደግሞ በኢትዮጵያዊው መነኩሴ በተስፋ ጽዮን ጥረት በ1548 እና 1549 እዚያው ሮም ታተመ። ኅትመት ሲስፋፋ ዳዊት ከቤተ ክህነት እጅ ወጥቶ በየቤቱ ገባ። አያቴ ጠዋት ጠዋት ዳዊት የምትደግመው ከብራና አልነበረም፤ ጠርዙ በተበላ፣ በጨርቅ በተጠቀለለ የኅትመት መጽሐፍ ነበር። የግል ጸሎት እንዲያ እንዲሰፋ የማተሚያ መኪና ትልቅ ድርሻ አለው።

አሁን ዳዊቱ ስልክ ውስጥ ነው። ይህም የሆነው በራሱ ጊዜ አይደለም። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት አንድ ኮምፒውተር ላይ የተጻፈ አማርኛ ሌላው ላይ ሲከፈት ብዙ ጊዜ ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆን ነበር። በ2005 ደግሞ የዜማ ምልክቶች ተጨመሩ። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፤ እነዚህ ሁሉ ዛሬ የኮምፒውተር ቁጥር አላቸው። ይህን ሳውቅ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ይሁንና ምልክቱን ስልክ ላይ ማየት ዜማውን አያስተምርም። መሪጌታው ፊት ተቀምጦ፣ ተሳስቶ፣ ተቆጥቶት፣ እንደገና ያላለ ሰው ድፋትን ያየዋል እንጂ አያዜመውም።

አሁን ወደ ማይኩ ልምጣ። ስለ ኢንተርኔት ብዙ ይወራል እንጂ የአምልኳችንን ድምፅ ከሁሉም በላይ የቀየረው ማይክና ሞንታርቦ ነው ብዬ አምናለሁ።

የቤተ ክርስቲያናችንን አሠራር አስቡት። ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። ብዙው ምእመን ግን ውስጥ አይገባም። ሕፃን ያዘለች እናት፣ «ዛሬ ለመግባት አልበቃሁም» ያለ ሰው፣ አርፍዶ የመጣው፣ ሁሉም በረንዳው ላይ ወይም ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ይቆማል። ድምፅ ማጉያ ከመምጣቱ በፊት እነዚህ ሰዎች ቅዳሴውን በርቀት እንደ ንብ ድምፅ ነበር የሚሰሙት። ዛሬ በር ላይ የቆመችው እናት ወንጌሉን ቃል በቃል ትሰማለች። ይህን ቀላል ነገር አድርጎ የሚያይ ሰው ግቢ ውስጥ ቆሞ አያውቅም ማለት ነው።

ጎኑ ግን ሌላ ነው። ልጅ ሆኜ ሰንበት ተማሪ ነበርኩ። የነበርንበት ደብር አራት ትልልቅ ሞንታርቦ ነበረው። አንድ እሁድ ቅዳሴው መሐል መብራት ሄደ። የዲያቆኑ ድምፅ ድንገት ከጣሪያው ላይ ወርዶ አንዲት ቀጭን የሰው ድምፅ ሆነ። «ተንሥኡ ለጸሎት» አለ። ለአንድ አፍታ ዝምታ ሆነ። ከዚያ ከየጥጉ «እግዚኦ ተሠሃለነ» የሚል ድምፅ ተነሣ። ከሴቶች በኩል፣ ከበረንዳው፣ ከዛፉ ሥር። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ ጥርስ በሌለው አፋቸው ሲመልሱ ሰማኋቸው። ለዓመታት አጠገባቸው ቆሜያለሁ፤ ድምፃቸውን የሰማሁት ያን ቀን ነበር። መብራት ሲመጣ ያ ድምፅ ተመልሶ ጠፋ።

የሆነው ምንድን ነው? ማይክ ፊቱ ያለውን ድምፅ ብቻ ያጎላል። ዲያቆኑ በአራት ሞንታርቦ ሲናገር ሕዝቡ በባዶ ጉሮሮው ይመልሳል። እኩል አይደሉም። ሰው የራሱን ድምፅ ካልሰማ ቀስ በቀስ መመለስ ይተዋል። አንዱ መዘምር ማይክ ይዞ የሕዝቡን ድርሻ ይልለታል። ሕዝቡም «ተባለልኝ» ብሎ ያዳምጣል። ማንም ዝም በሉ አላለም፤ ግን ዝም አልን።

መፍትሔው ሞንታርቦውን መጣል አይደለም። ዲያቆኑ ሲጨርስ ማይኩ ዝቅ ቢል፣ ለሕዝቡ ተሰጥዎ የሚመራ ድምፅ በማይክ ባይጮህ፣ ሞንታርቦዎቹ ወደ ሰፈሩ ሳይሆን ወደ ግቢው ቢዞሩ ብዙ ይለወጣል። ስለ ሰፈሩ ካነሣን፣ በአገራችን የድምፅ መመዘኛ ለመኖሪያ አካባቢ የተቀመጠው ጣሪያ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። 45 ዴሲቤል ዝቅ ካለ ንግግር አይበልጥም። ሌሊት ሙሉ ወደ ውጭ የተዞረ ማጉያ ከዚህ በብዙ ያልፋል። አራስ ያለባት ቤት፣ የታመመ ሰው ያለበት ቤት አጥር አጠገብ አለ። እነሱም ጎረቤቶቻችን ናቸው።

በወንጌላውያን በኩል ታሪኩ በሌላ መንገድ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ላይ ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ሥራ ጀመረ። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ነበር የሚያስተዳድረው። በ1977 ደርግ ወረሰውና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ አደረገው። በዚያ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ ምእመናን በየቤቱ አምስትም ስድስትም እየሆኑ ይሰበሰቡ ነበር። መዝሙር ከፍ አድርጎ መዘመር ያስይዛል። ካሴት ግን ኪስ ውስጥ ይገባል። ከአንዱ ወደ ሌላው እየተገለበጠ፣ በእያንዳንዱ ግልበጣ ድምፁ እየሻከረ፣ ከተማ ከከተማ ተሻገረ። አዳራሽ የሌለውን ጉባኤ አንድ መዝሙር እንዲያውቅ ያደረገው ያ ካሴት ነው። በኋላ በሩ ሲከፈት ሰው አዳራሽ ገብቶ አብሮ የዘመረው ቤቱ ተደብቆ የለመደውን ነበር።

ዛሬ በከተማ ትልልቅ አዳራሾች ሁኔታው ሌላ ነው። መድረኩ በመብራት ይደምቃል፣ ጉባኤው ያለበት ይጨልማል። ግጥሙ ስክሪን ላይ ይወጣል። ባንዱ ጎበዝ ነው፣ ድምፁ ደረት ይመታል። እኔም እዚያ ቆሜ ልቤ ተነክቶ ያውቃል። ግን አጠገቤ ያለችው ሴት ዘምራ እንደሆነ አላውቅም። አላየኋትም፣ አልሰማኋትም። ስክሪኑ ለአፍታ ሲጠፋ አብዛኛው ሰው ሁለተኛውን አዝማች አያውቀውም፤ ቃሉ ስክሪኑ ላይ እንጂ ሰው ውስጥ አልገባም።

ያው ስክሪን ሌላ ቦታ ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል። አሜሪካ ባሉ ብዙ የኦርቶዶክስ አጥቢያዎች ቅዳሴው ስክሪን ላይ ይወጣል። ግእዙ በፊደላችን፣ ከሥሩ አማርኛው፣ ከጎኑ እንግሊዝኛው። ፊደል ለማያነቡ ልጆች ግእዙ በላቲን ፊደል ይጻፍላቸዋል። ሜሪላንድ አንድ አጥቢያ ሄጄ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አጠገቤ ቆሞ ነበር። አማርኛ ሲያወራ ይንተባተባል። ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲሉ ግን ቀና ብሎ ስክሪኑን አየና «ምስለ መንፈስከ» ብሎ ጮኸ። እናቱ በክርኗ ነካ አደረገችው፤ ቀስ በል ለማለት ነው። እኔ ግን ይጩህ ብዬ ነበር በልቤ። ለዚህ ልጅ ስክሪኑ ባይኖር ኖሮ ቅዳሴ ለሦስት ሰዓት የሚቆሙበት የማይገባ ድምፅ ይሆንበት ነበር። መሣሪያው አንድ ነው። ልዩነቱ ለማን ምን እንዲያደርግ እንደተሰቀለ ነው።

ከዚያ ኮሮና መጣ። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ላይ የመጀመሪያው በሽተኛ ተገኘ፤ ሚያዝያ 11 ቀን ፋሲካ ነበር። ብዙ ምእመን በዓሉን ያከበረው ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ በቴሌቪዥን ነው። ጸሎት በየጣቢያው ይተላለፍ ነበር። ውጭ አገር ያሉ አጥቢያዎች ዙም ከፈቱ። የማስታውሰው የመጀመሪያው መመሪያ ይህ ነው፤ «ምእመናን፣ እባካችሁ ሁላችሁም ሚውት አድርጉ!»

አስተናጋጁ አልተሳሳተም። ዙም የተሠራው ለስብሰባ ነው። በስብሰባ አንድ ሰው ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል። ሶፍትዌሩ ጎልቶ የሚሰማውን አንድ ድምፅ ለይቶ ያስተላልፋል፤ የቀረውን እንደ ረብሻ ቆጥሮ ያፍነዋል። ከበሮ ቢመታ ረብሻ ነው። ጸናጽል ረብሻ ነው። በዚያ ላይ ድምፅ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲደርስ ጥቂት ይዘገያል። ለወሬ ይህ አይታወቅም። አብሮ ለማዜም ግን ገደል ነው። 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ለማለት ሃያ ቤተሰብ ድምፁን ከፍቶ ሞክረን ነበር። ሦስተኛው ላይ ሳንደርስ አንዳችን የሌላችንን ቃል እየረገጥን ተበታተንን። የቀጥታ ስርጭት ደግሞ ከዚህም በላይ ይዘገያል። እህቴ ቤይሩት ላይ «እግዚኦ ተሠሃለነ» ስትል አዲስ አበባ ያለው ሕዝብ ያንን ብሎ ጨርሶ ሌላ ጸሎት ውስጥ ገብቷል።

የሚገርመው፣ ከሁሉ የተሻለ የመለሰው መሣሪያ ከሁሉ ተራው ነው። አሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን አማኞች ለብዙ ዓመታት የሚጠቀሙበት የስልክ ጸሎት መስመር አለ። ምስል የለውም። ቁጥር ይደወላል፣ ኮድ ይገባል፣ ሰው ይገናኛል። ጸሎቱ ሌሊት ወይም ገና ሳይነጋ ነው። አንዷ ነርስ ናት፣ ከፈረቃ ስትወጣ መኪና ውስጥ ሆና ትገባለች። አንዱ ታክሲ ነጂ ነው። ሰላሳ ሰው ቢሆኑ ነው። አንዱ ይጸልያል፣ ሌላው «አሜን» ይላል፣ ተራ ይደርሳል። በድምፅ ይተዋወቃሉ። አንድ እህት ሁለት ሌሊት ሳትገባ ከቀረች በሦስተኛው ቀን ይደወልላታል። «ምነው ጠፋሽ? ደህና ነሽ ወይ?» ይህች ጥያቄ ለእኔ የጉባኤ ምልክት ናት። ሃያ ሺህ ሰው የሚያየው ስርጭት ላይ አንድ ሰው ቢቀር ማንም አያውቅም።

ይህን ስል የማኅበራዊ ሚዲያውን ምላሽ አልናቅሁም። ስብከት ሥር ብትወርዱ በመቶዎች «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» ተጽፎ ታገኛላችሁ። ሰው የለመደውን ተሰጥዎ ይዞ ነው ወደ ስልኩ የገባው። ደስ ይላል። የሚያሳስበኝ የሚመልስለት ሰባኪ እንዴት እንደሚመረጥለት ነው። ድሮ ሰባኪህን የሚመድበው አጥቢያህ ነበር። የማትወደውንም ትሰማለህ፤ ስትሳሳት የሚገሥጽህም እሱ ነው። አሁን የሚመርጥልህ ስልኩ ነው። የአሠራሩ መነሻ ቀላል ነው፤ ትኩረትህን ይዞ ያቆየውን ዓይነት ደጋግሞ ያመጣልሃል። ትኩረት የሚይዘው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠብ፣ ስድብ፣ ተአምርና ድንጋጤ ነው። የአንድ ሰዓት ትምህርት ተቆርጦ አርባ ሰከንድ ይሆናል። የሚቆረጠው ደግሞ ትዕግሥት የሚጠይቀው ክፍል ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ በጣም የሚያመኝ አንድ ነገር አለ። ጠበል ቦታ ወይም የጸሎት መድረክ ላይ የምትጮህ፣ የምትወድቅ፣ ልብሷ የተገለጠ ሴት በስልክ ተቀርጻ ትለቀቃለች። ፊቷ ይታያል፣ አንዳንዴ ስሟም ይጠራል። ያቺ ሴት ነገ ትድናለች፣ ሥራ ትፈልጋለች፣ ልጇ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ቪዲዮው ግን እዚያው ነው። ለመዳን የመጣ ሰው ገመናው መሸፈን አለበት። ከዚህ በፊት ይህን የሚሸፍነው ነጠላ ነበር፤ አጠገቧ ያለች የማታውቃት ሴት ነጠላዋን አውልቃ ጣል ታደርግባት ነበር። አሁን ያቺ አጠገቧ ያለች ሴት ስልክ ይዛለች።

ስለ ገንዘብ ባጭሩ። ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ አሥር ብር የጣለና ሺህ ብር የጣለ ሰው አይለዩም። በቴሌብር ወይም በባንክ ሲላክ ግን ስም፣ ሰዓትና መጠን ይመዘገባል። ለሒሳብ አያያዝ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ገንዘብ የት ገባ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ግን «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» የተባለው ቃል ከክፍያ ደረሰኝ ጋር ይጋጫል። ቀጥታ ስርጭት ላይ የሰጪው ስም ከነመጠኑ ሲነበብ ደግሞ አሥር ብር ያላት እናት ምን ይሰማታል? ሒሳብ ያዡ ይወቅ፤ ለጉባኤው መነበቡ ግን አስፈላጊ አይመስለኝም።

ወደ እህቴ ጥያቄ ልመለስ። በኦርቶዶክሳዊ ትምህርት ቁርባን በስክሪን አይተላለፍም፤ ጥምቀትም እንዲሁ። ሥጋ ያለው ሰው በሥጋው ይቀበላል። በኮሮና ጊዜ በዓለም ዙሪያ አንዳንድ ፕሮቴስታንት ጉባኤዎች እያንዳንዱ ቤቱ ኅብስትና ወይን አዘጋጅቶ በስርጭት አብሮ እንዲካፈል አድርገዋል፤ ሌሎች አይሆንም ብለው ጠብቀዋል። እናም እህቴ በዚህ ሚዛን አልቆረበችም፣ ዕጣኑን አላሸተተችም፣ መስቀል አልተሳለመችም። ግን መወልወያውን አስደግፋ ተነሥታለች። መልሳለች። የጎደለው የመለሰችውን የሚሰማ ሰው ነው።

ባለፈው የማርያም ዕለት እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ከበሩ ላይ በቪዲዮ ደወለችላት። ስልኩን ወደ ቤተ መቅደሱ አዙራ ይዛ ቆመች፤ ልጇ እንድትሳለም። አንድ አባት በዚያ ሲያልፉ አዩና ቆሙ። እናቴ «አባቴ፣ ልጄ ናት፣ ሰው አገር ናት፣ ይባርኩልኝ» ብላ ስልኩን ዘረጋች። መስቀላቸውን ስልኩ ላይ የሚያሳርፉ መስሎኝ ነበር። አላሳረፉም። ጎንበስ ብለው ፊቷን አዩና «ክርስትና ስምሽ ማን ነው፣ ልጄ?» አሏት።

እህቴ ማዳም እንዳትሰማት ድምፅዋን ቀነሰች። «ወለተ ሚካኤል።»

«አልሰማሁሽም፣ ጮክ በይ» አሉ።

«ወለተ ሚካኤል!»

ከኪሳቸው ትንሽ ወረቀት አወጡ። እዚያ ላይ ለጸሎት የተሰጧቸው ስሞች በእስክሪብቶ ተደርድረዋል። ከሥሩ ጻፏት።